ተረዳሁ

እናቴ አዲስ አበባ ላይ ስትቀበር እኔ ሮም ውስጥ ሶፋ ላይ ተጋድሜ የጃፓን ካርቱን እያየሁ ነበር። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምናገረው አንባቢን ላስደነግጥ ብዬ አይደለም፤ ነገር መደባበቅ ስለመረረኝ ነው። ሞቷን ዘመድ ጎረቤቱ፣ የሐበሻ ሱቆች ካሉበት ከቪያ ቮልቱርኖ መንገድ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሐበሻ ሁሉ ሲያውቀው፣ ለሳምንታት ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔስ ጆሮ ባዳ ብቻ አልነበረም፤ የሰማውን ሁሉ አጣሞ ወደ ሌላ ነገር እየተረጎመ የሚነግረኝ ውሸታምም ነበር።

ስም አልጠራም። የሞተችውን ነፍሷን ይማር፤ ያለነው ደግሞ ራሳችንን እናውቃለን።

የምንኖረው ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ነው፤ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ እኔና ልጄ። ልጄ ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ እሷ ጥርስ ሳታበቅል ወደ ሰሜን አውሮፓ ተሻግሮ በዚያው ቀርቷል፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። እኔ አንዲት አሮጊት ሲኞራ እጠብቃለሁ፤ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ስትሰድበኝ እሰማለሁ። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ እረፍቴ ነው። ልጄ እዚሁ የተወለደች ስለሆነች አማርኛን ጣልያንኛ እየሰካካች ነው የምትናገረው፤ ፊደል ደግሞ አልቆጠረችም። ላስተምራት ሞክሬ ነበር። “ሀ”ና “ሐ”ና “ኀ” ድምፃቸው አንድ መሆኑን ስነግራት፣ ታዲያ ለምን ሦስት ሆኑ ብላ ጠየቀችኝ። ትምህርቱ እዚያው ላይ ቆመ።

እሷ ልቧን የሰጠችው ለጃፓኖቹ ነው። አንድ ተከታታይ ልቦለድ ነበር። ዓይነቱን ላይት ኖቬል ይሉታል፤ ቀላል ልቦለድ እንደማለት ነው አለችኝ። ቀላልነቱ የቱ ጋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ በየቅጹ ሰው ይሞትበታል። ልቦለዱ የሥዕል መጽሐፍ ሆኖ ተሠርቷል፤ ቀጥሎ ካርቱን ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰዎች የሚተውኑበት ፊልም ወጥቶለታል። ልጄ ሁሉንም ታውቃለች። አንዱ ከሌላው የት ላይ እንደሚለይ ስታስረዳኝ አራቱን ወንጌላት የሚያመሳክር የመጽሐፍ መምህር ትመስለኝ ነበር። “በመጽሐፉ እንደዚያ አይደለም፣ ማማ” የምትላት ነገር ነበረቻት። ያቺን አባባል በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማት እግዜር ይወቀው።

ካርቱኑን ማየት የጀመርኩት ልሰልላት ብዬ ነው። ክፍሏን ዘግታ ምን እንደምታይ ማወቅ አለብኝ አልኩና እሑድ እሑድ ሳሎን አምጪውና አብረን እንየው አልኳት። ድምፁ ጃፓንኛ ነው፣ ከሥሩ ጣልያንኛ ጽሑፍ ይሮጣል፤ እኔ አንዱን መስመር አንብቤ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። የቀረውን እሷ ትተረጉምልኛለች። ብዙም ሳይቆይ ስለላዬን ረስቼ “ዛሬ አናይም እንዴ?” ባይዋ እኔው ሆንኩ።

ታሪኩ የአንዲት ተማሪ ነው። ጠረፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ትኖራለች፤ ቤተሰቧ ከጥንት ጀምሮ አንድ ሥራ ሲወርስ ሲያወርስ ኖሯል፤ የሞት ወሬ ማድረስ። ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት ልጅቷ የወሬውን ቃል መዳፏ ላይ ጽፋ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ጥላ የሌላቸው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትላ ፀሐይ ሳትወጣ የሟቹ ቤት በር ላይ ትቆማለች። ከከፈቱላት ወሬው ይገባል፤ ይለቀሳል፤ የሞተውም ያርፋል። ፀሐይ የበሩን ደፍ እስክትነካ ካልከፈቱ ግን ወሬው መንገዱን ይመለሳል። ለዚያ ቤት ሰውየው አልሞተም። ኮቴው ይሰማል፣ ሳሉ ይሰማል፣ የተቀዳለት ውኃ ጎድሎ ይገኛል።

መጀመሪያ ባየሁት ክፍል ላይ፣ ጥቁር ለባሾቹ በጎህ በሩ ላይ ቆመው አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ ከሶፋው ላይ ብድግ አልኩ። ይሄማ መርዶ ነው አልኳት። መርዶ ምንድን ነው አለችኝ። አስረዳኋት። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ይደበቃል። ሰውየው ጤናው እስኪመለስ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ እረፍት ቀን እስኪሆን ይጠበቃል። ያን ጊዜ ሽማግሌዎችና ወዳጆች ማልደው፣ እህል ውኃ ሳይቀመስ፣ ቤቱ ድረስ ይመጣሉ። መንገሩ ማርዳት ይባላል፤ የተነገረው ሰው ደግሞ ተረዳ ይባላል።

“ተረዳ ካፒቶ፣ ገባው ማለት አይደለም እንዴ?” አለችኝ።

ሁለቱንም ነው አልኳት። ነገር የገባውም ሰው ተረዳ ነው የሚባለው፤ ሞት የተነገረውም ሰው ተረዳ ነው የሚባለው። ትንሽ አሰበችና ጃፓኖቹ እንዲህ ያለ ቃል የላቸውም አለች። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም፤ አገሬ በአንድ ነገር ጃፓንን መብለጧ ብቻ አኩርቶኝ ቁጭ አልኩ። በሩን ባይከፍቱስ ብላም ጠይቃኝ ነበር። ለሽማግሌ በር የማይከፍት ሐበሻ የለም ብዬ ሳቅሁባት።

እናቴ በተቀበረችበት እሑድ ያየነው ክፍል የአንድ ልጅ ታሪክ ነበር፤ ቀኑ ያ ቀን መሆኑን ያረጋገጥኩት በኋላ ነው። ልጁ ከእናቱ ጋር ብቻውን ይኖራል። ሩቅ አገር የሄደው ታላቅ ወንድሙ ይሞታል። የእናቱ ልብ ደካማ ነው። ጥቁር ለባሾቹ መምጣታቸውን ያወቀው ልጅ በሩን ቆልፎ ሥሩ ይቀመጣል። ሲያንኳኩ፣ ጉሮሮ ሲጠርጉ፣ ሲለምኑ ይሰማል። በመጨረሻ ይከፍታል። እናትየው ትጮኻለች፣ መሬት ላይ ትወድቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሙዚቃ ይገባል። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ያንን ዛሬ ሳስበው እናቴ በተቀበረችበት ቀን ቢያንስ አልቅሻለሁ፤ ለጃፓን ልጅ ቢሆንም።

ልጄ ግን ተናደደች። በመጽሐፉ እንደዚያ አይደለም፤ ካርቱኑን የሠሩት ሰዎች አበላሽተውታል አለች። በመጽሐፉ ልጁ አይከፍትም። ፀሐይ ደፉን ትነካለች፣ ጥቁር ለባሾቹ ይሄዳሉ፣ እናትየው ለሞተው ልጇ ካልሲ እየሠራች ትኖራለች። የቤቱ መስኮት አይከፈትም፤ ማታ ማታ ኮቴ ይሰማል። እንዲህ ያለ ኑሮ ኑሮ ነው ወይ አልኳት።

“ልጁ እኮ እናቱን አተረፋት፣ ማማ። ልቧ ደካማ ነበር።”

ተይኝ እባክሽ፣ አታሟርቺ አልኳት። ከዚያ ቀደም ብሎ ሲኞራ ቤት ደረጃው ላይ ተዝለፍልፌ ወድቄ ኦስፔዳሌ ተኝቼ ነበር። ደም ግፊት ነው፣ ድንጋጤ አይስማማሽም ብለው ኪኒን ሰጥተው ላኩኝ። ልጄ አልጋዬ አጠገብ ቆማ ዶክተሯ የምትለውን ሁሉ ሰምታለች።

የዚያኑ ሳምንት ሐሙስ ወጥ ልሠራ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ከክፍሏ ወጥታ መጣች። ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። መዳፏ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አማርኛ ተጽፏል፤ ፊደሎቹ ዶሮ የጫረችው ይመስላሉ፣ የ“ፍ” እግር ወዲያ ዞሯል፣ “ማ” ጠምሟል።

“ማማ፣ ይሄ ምን ይላል?”

የካርቱኗን ልጅ እየኮረጀች መሰለኝ። በኛ ፊደል መሞከሯም ደስ አለኝ። የሆነ ግድግዳ ላይ አይታው ይሆናል፤ የቪያ ቮልቱርኖ ሱቆች በር ላይ የሟች ፎቶ ከነጽሑፉ ሲለጠፍ የኖረ ነው። በቢላዬ ጫፍ እያመለከትኩ ነፍስ ይማር ይላል አልኳት። ምን ማለት ነው አለችኝ። ሰው ሲሞት የሚባል ነው፤ እግዜር ነፍሱን ይቀበል ማለት ነው አልኳት።

ለታመመ ሰውስ አይባልም ወይ ብላ ጠየቀች። ለታመመማ “ይማርሽ” ነው የሚባለው አልኩ። እሱም እኮ ይማር ነው፣ አንድ ነው አለችኝ። አንድ አይደለም አልኳት፤ ነፍስ ከተባለ አለቀ፣ የሚባለው ለሞተ ሰው ብቻ ነው። ገባሽ ወይ አልኳት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን “ካፒቶ” ብላኝ ትሄድ ነበር። ያን ዕለት ግን ቆም አለች።

“ተረዳሁ” አለችኝ።

አማርኛዋ እየተሻሻለ ነው ብዬ ጎሽ አልኳት። ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ነበር። ምን ሆነሽ ስላት ሽንኩርቱ ነው አለች፤ የኔም ዓይን በሽንኩርቱ እያለቀሰ ስለነበር አመንኳት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሦስተኛውን ብርጭቆ ነው። ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ ለእኔ አንድ፣ ለእሷ አንድ፣ ማንም በማይቀመጥበት ወንበር ፊት ደግሞ አንድ ውኃ ትቀዳለች። የማን ነው ስላት የማንም አይደለም ትለኛለች። ጠዋት ስነሳ ጎድሎ አገኘዋለሁ። አንቺ ነሽ የጠጣሽው አልኳት፤ አይደለሁም አለች። ምናልባት ኪኒኔን የምውጥበት እኔው ነበርኩ፤ እንቅልፍ በዓይኔ ላይ እያለ የትኛውን ብርጭቆ እንዳነሳሁ ማን ያውቃል። ያኔ ግን እንዲህ አላሰብኩም። ጠጉሬ ቆመ።

ቀጥሎ በሩ መጣ። የሮም በር ብሊንዳታ ነው፤ ብረት ነው፣ ቁልፉ ሲዞር መቀርቀሪያዎቹ ወደ ግድግዳው ይገባሉ። አንድ ማለዳ ለሥራ ልነሳ ስል ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ተቀምጧል። ልጄ ናት። ወንበር ስባ፣ ብርድ ልብስ ለብሳ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ። ቁልፉ ከቦታው የለም፤ እጇ ውስጥ ነው። ምን ትሠሪያለሽ አልኳት፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ አለች። በደረጃው መስኮት በኩል ብርሃኑ ገብቶ በበሩ ሥር ሾልኮ ወለሉን ሲነካ ተነስታ ቁልፉን ሰጠችኝና ተኛች። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም። እንቅልፍ ያጣ ሰው በሰዓቱ እንዲህ አይነሳም፤ ለክፏታል አልኩ በልቤ። ያ የተረገመ መጽሐፍ ዓይነ ጥላ አስገብቶባታል።

እናቴን ላማክራት ፈለግሁ። ለእንዲህ ያለው ነገር እናቴን የሚያክል አልነበረም፤ ጸበሉን፣ ስዕለቱን፣ የትኛው ታቦት ለምን እንደሚሆን ታውቃለች። ስደውል ስልኩን አብራት የምትኖር የአክስቴ ልጅ አነሳችው። ጸበል ገብታለች አለችኝ። በሌላ ቀን ደወልኩ፤ አልወጣችም፣ ሱባዔ ይዛለች። በሌላ ቀን ደወልኩ፤ ስልኩ አልሠራም። ተናደድኩ። ልጄ እንዲህ ስትሆንብኝ ምን ዓይነት ሱባዔ ነው፣ ልጅ ይበልጣል ወይስ ጸበል ብዬ ኩሽና ውስጥ ለብቻዬ ሳማርራት ልጄ በሩ ጋ ቆማ ትሰማ ነበር። ኖናን አትስደቢያት አለችኝ። እናቴን “ኖናዬ” ነበር የምትላት። እናቴ ናት እንደፈለግሁ እላታለሁ አልኳት። ሄዳ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች።

እዚያም ስታለቅስ ደረስኩባት። ማን ሞተብሽ አልኳት በሩን እየደበደብኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ ቃል ነው፤ እኛ ለሚያለቅስ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የምንለው። በመጽሐፉ ያለችው አሮጊት ሞተች አለችኝ።

“ለጃፓን አሮጊት እንባሽን ከጨረስሽው ለኔ ምን ሊተርፍ ነው?” አልኳት።

ከውስጥ ሳቅ ይሁን ልቅሶ የማይለይ ድምፅ ሰማሁ። ሳቅ ነው ብዬ ተውኩት።

ሐበሻውም ያኔ ነው ግራ ያጋባኝ። ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ምግብ ቤት ያላት ወዳጄ አለች፤ የልጄ የክርስትና እናት ናት። እሷና እኔ ካልተናቆርን ቀኑ አይመሽልንም። ሐሙስ ዕለት ስገባ ብድግ ብላ አቀፈችኝ፣ አልለቅም አለች፣ ቁጭ አድርጋ በእጇ አጎረሰችኝ። ግፊትሽ እንዴት ነው፣ ኪኒኑን ትወስጃለሽ ወይ አለች። ማዕዘኑ ላይ ተቀምጠው ይስቁ የነበሩት ሴቶች ዝም አሉ። አንዷ ስትወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ በርቺ አለችኝ። ለምኑ ነው የምበረታው? ሁሉም በርቺ፣ በርቺ። ወሬው ደርሷቸዋል፣ የልጄን ነገር ሰምተዋል አልኩ። ደሜ ፈላ። ማንም ልጄን አብዳለች እንዲል አልፈቅድም ብዬ ምግቡን ትቼ ወጣሁ፤ ወዳጄ በር ድረስ ተከትላኝ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ።

ከዚያ በቀጥታ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ከሥዕል መጽሐፎቹ አንዱን በፌስታል ደብቄ ይዤ ነበር። አባቴ፣ ልጄን ይኼ ነገር ይዞብኛል ብዬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከፊት ገለጡት። ከኋላ ነው የሚነበበው አልኳቸው። እንደ ዕብራይስጥ ነዋ ብለው ፈገግ አሉ፤ አገላብጠው ገጽ በገጽ ማየት ጀመሩ። ሥዕሉን ጣታቸውን እያስቀመጡ ያዩታል። የተዘጋ በር። ማለዳ። ጥቁር የለበሱ ሦስት ሰዎች፣ አንደኛው ሽማግሌ ሊያንኳኳ እጁን አንስቷል። እዚያ ላይ ቆሙ። ፈገግታቸው ጠፋ። መጽሐፉን ዘግተው ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ወንበር ላይ አኖሩት፤ እሳት የነካ ሰው እንደሚያደርገው።

“ልጄ፣ ልጅቷን ለቀቅ አድርጊያት” አሉኝ። “የያዛት ነገር ከዚህ መጽሐፍ አይደለም።”

ታዲያ ከየት ነው አልኳቸው። እሑድ እንነጋገራለን አሉኝ። ጸበል ይርጩባት አልኳቸው፤ እሑድ፣ ሁሉም እሑድ አሉ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ሲያሳርፉ ከወትሮው ረዘም አደረጉት፤ ዓይኔን አላዩም። መንገዱን ሙሉ ካህን እንኳ ፈራት እያልኩ እየተቃጠልኩ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ማታ ልጄ አልበላችም። ብርጭቆውን ሞልታ አስቀመጠችና ነገ እንዳትነሺ፣ ተኚ አለችኝ። ለምን ስላት እሑድ አይደል አለች። ግንባሬን ሳመችኝ። ትልቅ ሰው ልጅ እንደሚስም ነው የሳመችኝ፤ ያ ነገር ደስ አላለኝም።

የነቃሁት በሳል ነው። ልክ በካርቱኑ ውስጥ እንደሰማሁት፣ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ። ሕልም መሰለኝ። ደግሞ ተሰማ፤ ከደረጃው ነው። ብድግ ብዬ ኮሪደር ስወጣ የቺቶፎኖው፣ የበሩ ስልክ፣ እጀታ ከግድግዳው ተነቅሎ በሽቦው ተንጠልጥሏል፣ ከታች ቢደውሉ እንዳይሰማ። ልጄ ወንበሩ ላይ አልነበረችም። መሬት ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታለች። ቁልፉን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

ተንኳኳ። ቀስ ብሎ ነው የሚንኳኳው። ልጄ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ማናቸው አልኩ። ከበሩ ማዶ ነጠላ ሲንቀሳቀስ፣ ብዙ እግር ደረጃ ላይ ቦታ ሲለዋወጥ ይሰማል። ከዚያ ወንድሜ ጠራኝ። ወንድሜ የሚኖረው ቦሎኛ ነው፤ በፋሲካ እንኳ ለምነነው ነው የሚመጣው። በልጅነቴ እናታችን ባወጣችልኝ የቁልምጫ ስም ጠራኝ፤ ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። ሐበሻ ማልዶ፣ ተሰብስቦ፣ ሳያወራ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ጸበሉ፣ ሱባዔው፣ በርቺው፣ እሑድ እሑዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ግድግዳውን ያዝኩ።

“ትንሽ ነው የቀረው፣ ማማ” አለችኝ በሹክሹክታ። “ፀሐይ ደፉን እስክትነካ ብቻ። ካልከፈትን ኖና አልሞተችም። አንቺም አትሞቺም።”

መርዶዬን የሰማሁት እንዲህ ነው። ሽማግሌ መክሮበት፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ወንድሜ ከቦሎኛ ተጠርቶ የመጣበት ነገር ከአንዲት ሕፃን አፍ ወጣ። አልጮኽኩም። እውነቱን ልናገርና እኔም አልከፈትኩም። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከጀርባችን ያንኳኳሉ፣ ይለምናሉ፤ ወዳጄ ልጄን በስሟ እየጠራች ክፈቺልን እንጂ፣ ተነጋግረን አልነበረም ወይ ትላለች። ታችኛው ፎቅ ያለው ጣልያን በሩን ከፍቶ ምን ሆናችሁ ይላል። እኔና ልጄ በበሩ ሥር የሚገባውን ብርሃን እያየን ነው። ግራጫ ነበር፤ እየነጣ መጣ። ይምጣ አልኩ። ይምጣና ደፉን ይንካው፣ ይመለሱ፣ እናቴ ጸበሏ ላይ ትቆይ። ደቂቃ ይሁን ሰዓት አላውቅም፣ የዚያ መጽሐፍ አማኝ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ያስነሳኝ የልጄ መንቀጥቀጥ ነው። ትከሻዋ ከትከሻዬ ጋር ተገጥሞ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ስንት ማለዳ እንዲህ ስትንቀጠቀጥ እንዳነጋች፣ ለብቻዋ፣ እኔን ልታተርፍ፣ ያኔ ገባኝ። ልቤ በእናቴ ሳይሆን በእሷ ተቃጠለ።

“በካርቱኑ ልጁ ከፍቷል” አልኳት።

“በመጽሐፉ እንደዚያ አይደለም።”

“መጽሐፉን ተይው። በካርቱኑ ሲከፍት እናቱ ሞተች?”

አሰበች። “አልሞተችም” አለች። “አለቀሰች።”

“አለቀሰች እንጂ አልሞተችም። አሎራ፣ እንግዲህ ክፈቺ። ኖናሽ ትረፍ፤ ደክሟታል።”

እጇን ስትፈታ የቁልፉ ጥርስ መዳፏ ላይ ታትሞ ነበር። ቁልፉን ወሰድኩና እኔ ራሴ ከፈትኩት፤ መቀርቀሪያዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። የነፍስ አባቴ ከፊት ነበሩ፣ እጃቸው ለማንኳኳት እንደተነሳ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ፊቴን አይተው ዘጉት። ወንድሜ በጎናቸው አልፎ አቀፈኝ፤ ያን ጊዜ ጮኽኩ፣ ሕንፃው እስኪነቃ ጮኽኩ። ወደቅሁም። ግን አልሞትኩም።

ለቅሶው ተደርሶ፣ ፍራሹ ተነስቶ፣ ወንድሜም ወደ ቦሎኛው ከተመለሰ በኋላ አንድ ከሰዓት ልጄና እኔ ብቻችንን ቀረን። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሁለት ብርጭቆዎች ብቻ ነበሩ። ወዳጄን ሁሉም ሰው አንቺ ነሽ ለልጅቷ የነገርሽው ብሎ ሲወቅሳት ሰንብቷል፤ እሷ ደግሞ ልጅቷ ራሷ አልቅሳ ደውላ አወቅሁ አለችኝ እንጂ፣ እኔ ዝም እንድትልና እሑድ በሩን እንድትከፍት ከማስማል በቀር አንድ ቃል አልተናገርኩም ብላ ትምላለች። እኔም ያንን የሚያህል ነገር ለልጅ የነገረውን ሰው ማወቅ ፈልጌ ነበር። ባገኘው የምለውንም አዘጋጅቻለሁ።

ማን ነገረሽ አልኳት።

“አንቺ” አለችኝ።

መጀመሪያ የቀለደች መሰለኝ። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የለጠፈው የእናቴ ፎቶ፣ አጠገቡ ሻማ፣ ከሥሩ ሁለት ቃል። ማንበብ አልቻልኩም፣ ትርጉሙን የምጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረኝም አለችኝ። የታመመች መስሎኝ ነበር አለች። ከዚያ ግራ እጇን ዘረጋችልኝ፤ መዳፏ ባዶ ነበር፣ ቀለሙ ከታጠበ ቆይቷል።

“ለሞተ ሰው ብቻ ነው አልሽኝ። ገባሽ ወይ አልሽኝ። እኔም ተረዳሁ አልኩሽ” አለች። “እንደዚያ ነው አይደል የሚባለው፣ ማማ?”

እንደዚያ ነው አልኳት።